ኪስ ውስጥ የገባው ሲፒዩ

ከሁሉ በፊት በአንድ ቃል እንስማማ። እናንተ ሰፈር ሲፒዩ የሚባለው የቱ ነው?

አውቃለሁ። ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ጥቁር ሣጥን ነው። አቧራ የሚጠጣው፣ የቢሮ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን የሚያሳርፉበት። እኔም ያደግሁት በዚሁ እምነት ነው። አዋሽ ሰባት ተማሪ ሳለን መምህራችን በማስመሪያ እየጠቆሙ፣ «ይህ ሞኒተር፣ ይህ ኪቦርድ፣ ይህ ሲፒዩ» ብለው አስተማሩን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አንዱም ሲሠራ አላየንም፤ ስማቸውን ግን እንደ ዳዊት ሸመደድነው። ፈተና ላይ መጣ፤ አገኘሁት። ሰው ደግሞ በፈተና ያገኘውን ነገር ዕድሜ ልኩን አይጠራጠርም። መከራዬ የጀመረው ያን ጥያቄ ያገኘሁ ቀን ነው።

አሁን ወደ ባጃጇ ልሂድ። ስለ ኮምፒውተር ላወራ ተነሥቼ ባጃጅ ውስጥ መግባቴ ግራ አያጋባችሁ። አንድ ናቸው። እንዴት አንድ እንደሆኑ ነው የምነግራችሁ።

ኤፍሬም የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። «ነበረኝ» የምትለዋ ቃል አሁንም እጄን ትይዘዋለች፤ ስለዚህ ቶሎ ልለፋት። ባጃጅ ነጂ ነበር። ከተማው ውስጥ እኔን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «የኤፍሬም ታናሽ» ነኝ። ከሥራ ሲመለስ ጌም ቤት ይወስደኛል፤ የመኪና ውድድር እንጫወታለን። መንገድ ዳር የቆሙትን ተመልካቾች ሲያይ ፍሬን ይይዛል። «ምን ሆንክ?» ስለው፣ «ልማድ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ ተሳፋሪ እንኳ አይጫንም?» ይላል።

ባለፈው ዓመት ከዝናቡ በኋላ ወባ ያዘው። ከዚያ... ከዚያ ባጃጇ ጓሮ ቆማ ቀረች። ዶሮዎቻችን የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። እናቴ አታባርራቸውም። «ተሳፋሪ ናቸው» ትላለች። ሳትስቅ ነው የምትለው።

እናቴ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰመራ ኮሌጅ መግባቴ የተሰማ ዕለት ጠራችኝ።

«ባጃጇን ሁመድ ይግዛት» አለች። ሁመድ የኤፍሬም የልብ ጓደኛ ነው፤ እሱም ነጂ። «በእሷ ኮምፒውተር ግዛ።»

ልዋሻት አስቤ ነበር። «ለትምህርት የሚሆን፣ ከባድ ሥራ የሚችል» የሚል ውሸት ሁለት ቀን አለማምጄ ነበር የገባሁት። ፊቷን ሳየው ጠፋብኝ።

«እማዬ፣ እኔ የምፈልገው የጌም ኮምፒውተር ነው።»

«ጌም ማለት ጨዋታ?»

«ጨዋታ። ትምህርትም ይሠራበታል።»

«ወንድምህስ ሥራ ነው እያለ ሲጫወትባት አልነበር?» አለች። ከዚያ ወደ ጓሮው እያየች እንዲህ አለችኝ፦ «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ባጃጇ ወይ ባጃጅ ትሁን፣ ወይ ኮምፒውተር ትሁን። መሃል መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ። የልጄን ነገር ብትንትን ብሎ ማየት አልችልም።»

«እሺ እማዬ» አልኩ።

በማግስቱ ሳጣራ ነው የገባኝ። የጌም ኮምፒውተር ማለት ብትንትን ብሎ የሚሸጥ ነገር ነው።

ተገጥሞ ያለቀውንማ ጠይቄ ነበር። በዋጋው አዲስ ባጃጅ ከነነጂዋ ይገኛል። በየዕቃው እየገዛ ራሱ ለሚገጥም ሰው ግን አሮጌ ባጃጅም ትበቃለች ተባልኩ። ስለዚህ ስልኬን ይዤ ከቪዲዮ ቪዲዮ መዞር ጀመርኩ። ቪዲዮዎቹ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ሹራብ ለብሰዋል። «ክፍላችሁ ቀዝቀዝ ያለ መሆኑን አረጋግጡ» ይላሉ። እኛ አዋሽ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል የምናውቀው የለስላሳ መሸጫውን ፍሪጅ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ሲከፍተው ደንበኛው ሁሉ አንገቱን ያስገባበታል።

ከሁሉም ቪዲዮ አንድ ትምህርት ያዝኩ፦ ዋናው ሲፒዩው ነው፤ መጀመሪያ እሱን ግዙ። ልጁ ይህን ሲል በጣቱ አንድ ነገር ያሳያል። ምን እንደሆነ አላየሁም፤ የሰፈራችን ኔትወርክ ድምፁን ያመጣና ምስሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለማየትም አልጓጓሁም። ሲፒዩ ምን እንደሆነ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ፈተና ላይ አግኝቼዋለሁ አልኳችሁ።

ጋሽ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌር። አዋሽ ሲደርሱ ከመኪና ማቆሚያው ምግብ ቤት የሚያደርሳቸው ኤፍሬም ነበር። እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ከጅቡቲ አንድ ጥሩ ሲፒዩ ያምጡልኝ። ለጌም የሚሆን።»

«መጠኑስ?»

«ትልቁን።»

«ኢንሻአላህ። ከወንበሬ ጀርባ አልጋ አለች፤ እዚያ አስተኝቼው እመጣለሁ።»

የሚመለሱበት ቀን ቤታችን የሙሽራ ቤት መሰለ። እናቴ ጠረጴዛውን ወልውላ የሠርጓን ዳንቴል አነጠፈችበት። ባጃጇን የገዛው ሁመድ አጥቧት መጣ። ዕቃው እንዳይጋጭ እኔ ብርድ ልብስ ያዝኩ፤ እንዳይወድቅ እሱ ገመድ ያዘ። መኪና ማቆሚያው ቆመን ጠበቅናቸው።

ጋሽ ሰይድ ወረዱ። ሰላምታው ረዘመ። ጋቢናውን አንጋጥጬ አየሁ፤ አልጋዋ ላይ የተኛ ነገር የለም።

«ሲፒዩውስ ጋሽ ሰይድ?»

«ይዣለሁ እንጂ።» እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ የወጣው መፋቂያ ነው። ቀጥሎ ማበጠሪያ ወጣ። ከዚያ ብስኩት የምታህል ካርቶን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

ካርቶኗን አየኋት። እሳቸውን አየኋቸው።

«ሌላውስ?»

«የምን ሌላ?»

«ሣጥኑ... ጥቁሩ...»

«ሣጥኗ ይቺው ናት። ወላሂ እኔ አልከፈትኳትም።» ላብ አላባቸው። «ነጋዴውን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ ልጄ። ሲፒዩ ይሄ ነው? ስለው ይሄ ነው ይላል። ትልቁን ስጠኝ ስለው ትልቁ ይሄ ነው ይላል። ገላፊ ድንበር ላይ ቀረጥ ልከፍል ሳወጣት እኮ ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ምን ላድርግ፤ ፈረንጅ አሳንሶት ነው!»

ከኋላዬ የሁመድ ድምፅ መጣ። «ገመዱን ምን ላድርገው?»

ይዤ በእግሬ ልሂድ አልኩ። ሁመድ እምቢ አለ። «ጭነት አለ ተብዬ ተጠርቻለሁ፤ ሳልጭን አልመለስም።» ስለዚህ ሲፒዩው የባጃጇ የኋላ ወንበር ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ከተማውን አቋረጠ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ደገፍኩት። ሰዎች ሕፃን ታሞ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይማረው» አሉን።

እናቴ በር ላይ ነበረች። ካርቶኗን ዳንቴሉ መሃል አስቀመጥኳት። ክብር ያለው ትልቅ ዳንቴል ነው። መሃሉ ላይ የተቀመጠችው ነገር ከሩቅ የተረሳች ሳሙና ትመስላለች።

«ባጃጇ ይቺ ናት?» አለች እናቴ።

«የመጀመሪያዋ ናት እማዬ። ገና ትመጣለች።»

«ይቺ የትኛዋ ናት?»

አሰብኩ። «ሞተሯ።»

«ሞተሯ ይቺን ታህላለች?»

«ሞተሯ ናት።»

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እሱ» ስንለው የነበረው ሲፒዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሷ» ሆነ። ማንም አልወሰነም። አማርኛ ትንሽ ነገር ሲያይ ራሱ አንጀቱ ይራራል።

እናቴም ሥርዓት አበጀች። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነችው ሲፒዩዋ ሞተር ከሆነች ሌላውም ስም ያሻዋል። ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ማዘርቦርድ ሻንሲ ሆነ። መብራቱን የሚያከፋፍለው ፓወር ነዳጅ ሆነ። ሣጥኑ ቦዲ ሆነ። ከሥራ ስትገባ እንደ ጋራዥ አለቃ ትጠይቀኛለች፤ «ዛሬስ ሻንሲ ተገኘ?» አልተገኘም። ሻንሲው ነው እንግዲህ የገደለኝ። ለካ ሲፒዩ ሁሉ ማዘርቦርድ ሁሉ ላይ አይቀመጥም። መቀመጫው ከእግሮቿ ጋር ልክ መግጠም አለበት።

ይህን ለሁመድ አስረዳሁት።

«ስንት እግር አላት?» አለ።

«ከሺህ በላይ።»

ከካርቶኗ አውጥቶ ገልብጦ አያት። «ከሺህ በላይ እግር ይዛ መሄድ አቃታት?»

ሁመድ በዚህ ነገር ውስጥ ትልቁ አማካሪዬ ነበር። ምክሩ ሁሉ ስህተት ነው፤ ግን ልበ ሙሉ ነው። ሰው ሲጨነቅ የሚፈልገው ደግሞ ልበ ሙሉነቱን ነው። ራም የሚባለው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ስንት ይሁን ስለው፣ «ራምማ ሁለት ይበቃሃል፤ አንዱ ይታረዳል፣ አንዱ ይረባል» አለኝ። እንግሊዝኛው ራም ማለት አውራ በግ መሆኑን ክፍል ውስጥ ተምሮ ያውቃል። የሚገርመው፣ ሁለት መግዛት ትክክል ሆኖ ተገኘ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ፣ «ከሁሉም የሚከብደኝ ካርዱ ነው» አልኩ። የጨዋታውን ምስል የሚሥለውን ግራፊክስ ካርድ ማለቴ ነው።

ሁመድ እጁን ኪሱ ከተተ። «የስንት ብር ካርድ? አሁን እልክልሃለሁ።»

«የስልክ አይደለም።»

«ቢጫ ነው ቀይ?»

እናቴ ከወዲያ ማዶ፣ ጎመን እየቀነጠሰች ጣልቃ ገባች። «ካርድማ ጤና ጣቢያ ነው የሚወጣው። በጠዋት ሄደህ ካልተሰለፍክ...» ብላ ጀመረችና ቆመች።

የመጨረሻዋን ካርድ ለማን እንዳወጣች ሦስታችንም እናውቃለን። ጎመኑ እጇ ላይ ቀረ።

ሁመድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢጫው ይሻላል» አለ። «በቀይ ያስወጡሃል።»

እናቴ ሳቀች። በአፍንጫዋ የወጣች አጭር ሳቅ ናት፤ ደንግጣ አፏን በጎመን ያዘች። እኔ ግን ሰምቻታለሁ። ያን ቀን ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛ፣ ሲፒዩዋ ራሷ ምስል መሣል የምትችል ዓይነት ስለሆነች ካርዱን ተውኩት፤ እንዲህ ያለች ሲፒዩ ለድሃ የተፈጠረች ናት። ሁለተኛ፣ ይህን ኮምፒውተር ቢያቃጥለኝም እጨርሰዋለሁ።

ቦዲው ከአዳማ በአውቶቡስ መጣ። እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ካርዱን ለቁጠባ የተውኩት እኔ፣ ከርካሹ ቆርቆሮ ሣጥን አጠገብ ባለ መስታወት በር፣ ባለ ቀይ መብራት ማራገቢያ ሣጥን ሳይ ልቤ ከዳኝ። እናቴ ግን ወደደችው። «እህ! አሁን ባጃጅ መሰለች» አለች። ዳንቴሉ ላይ አስቀምጣ አናቱ ላይ የላስቲክ አበባ አኖረችበት። ጎረቤት እየመጣ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በደስታ ተገልገሉበት» አለን። ውስጡ አየር ብቻ ነው። ባዶ ሣጥን ተመርቆልን አሜን አልን።

የኮሌጁ ምዝገባ ሊደርስ ነው፤ ሻንሲ የለም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ሞተሯን ለብቻ፣ ቦዲውን ለብቻ፣ ራሞቹን ለብቻ ታያለች። ሄዳ ዳንቴሉን ታስተካክላለች። መሃል መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ ያለችኝ ነገር እንዲህ ጠረጴዛችን ላይ ተበትኖ ሰነበተ።

ያዳነኝ ሁመድ ነው፤ ያዋረደኝም እሱ። ሁመድ አፋር ነው። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ እንደኛ «ሰላም ነው? ሰላም» ተባብሎ አይተላለፍም። አረፍ ይላል፤ ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደሰማህ ይጠይቅሃል፤ አንተም ትጠይቀዋለህ። ዳጉ ይባላል። ዳጉ ላይ መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። ሁመድ የኔን ጉዳይ ወደ ሎጊያ ለሚሄድ ዘመዱ አወጋው። ዘመዱ ገዋኔ ላይ አወጋ። የገዋኔው ሰው ሚሌ ላይ አወጋ።

አንድ ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«የኤፍሬም ታናሽ ነህ?»

«ነኝ።»

«የኪሷ ሲፒዩ ባለቤት?»

«...ነኝ።»

«ሞተሯ ይቺን ታህላለች ያሉት እናትህ ደህና ናቸው?»

ያሲን ይባላል፤ ሎጊያ ላይ ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚጠግን ሰው ነው። ገመዱን ያውቃል። ብርድ ልብሱን ያውቃል። «እግዚአብሔር ይማረው» መባላችንን ሳይቀር ያውቃል። ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አንዲት ቃል አልጠፋችም፤ ጥቂት ብትጠፋ ምን ነበረበት? በመጨረሻ፣ «ከተሰበረ የቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ቦርድ አለኝ። የሚገጥም ይመስለኛል። ባለ እግሯን ይዘህ ና» አለኝ።

ወደ ሰመራ የሄድኩት በጋሽ ሰይድ መኪና ነው። እናቴ ቦዲውን ራሷ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሰው ስትሆን ደውልልኝ» አለች። ሰው ስትል ኮምፒውተር ማለቷ ነው። ሲፒዩዋን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ጋቢናውን ከፍቶ ጭኔ ላይ ያለውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሲፒዩ ቤት ነው።»

«የምን ቤት? ራሱ ሲፒዩ ነው እንጂ። እኛም ቢሮ አለን እኮ!» ነጠላውን ገለጠው። በመስታወቱ አየ። አጎንብሶ አየ። «ባዶ ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ውስጡ የነበረው የት ገባ?»

«ገና አልገባም።»

«ታዲያ ሲፒዩው የት ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እውነት ተናገር ተብዬ ነው ያደግሁት። «ሲፒዩዋ ኪሴ ውስጥ ናት» አልኩ።

ፈታሹ ሣጥኑን አየ፤ ኪሴን አየ። ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ ደህና ነው?»

ጋሽ ሰይድ መሪውን እንደያዙ፣ «ሐዘን ላይ ነው» አሉ። «ታላቅ ወንድሙን ቀብሯል።»

የሰውዬው ፊት ተለወጠ። ነጠላውን መልሶ በደንብ ሸፈነልኝ፤ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ነፍስ ይማር» አለ። «ሲፒዩህ ኪስህ ውስጥ ናት። እሺ ወንድሜ። አጥብቀህ ያዛት።» በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ጋሽ ሰይድ ኬላውን አልፈው ብዙ ከሄዱ በኋላ በሳቅ ፈረሱ። «አየህ፣ አልዋሸሁም!» ይላሉ። እኔም ሳቅሁ። ሣጥኑን አቅፌ በጣም ሳቅሁ። ከዚያ... ምን ልበላችሁ። ለወራት ሰው ሁሉ ሲያጽናና የነበረው እናቴን ነው። ልክም ነው። ታናሽ ወንድም ለቅሶ ቤት ውስጥ ወንበር የሚያመላልስ ነው። እኔን «ሐዘን ላይ ነው» ብሎ የጠራኝ ሰው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጋሽ ሰይድ ሳቃቸውን አቆሙ፤ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉልኝ።

ሎጊያ ደረስን። ያሲን ሲፒዩዋን በመዳፉ ላይ አስተኝቶ በመብራት መረመራትና፣ «አንዲት እግሯ ተጣማለች» አለ። ማን ይሆን ያጣመማት? ብርድ ልብሱ? ገመዱ? የሁመድ ምርመራ? መርፌ ይዞ እንደ ወጌሻ ጎንበስ አለ። «ቢስሚላህ» አለና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ ሁለተኛውንም ሲጨፍን አየሁት። እኔም ጨፈንኩ። ስንከፍት ቀንታለች። ሻንሲው ላይ ስናስቀምጣት ያለ ትግል ቁጭ አለች። ያሲን አንድ ጥግ አረንጓዴ የሆነ አሮጌ ስክሪን መረቀልኝ፤ «ሣር ነው በለው» አለኝ።

የዶርም ጓደኛዬ ሙሉቀን የደብረ ታቦር ልጅ ነው። የሰመራን ሙቀት እንደ አየር ጠባይ አይቆጥረውም፤ ሰው ሆን ብሎ የሠራበት ግፍ ነው የሚመስለው። ቪዲዮውን ከፍተን መግጠም ጀመርን። ኔትወርኩ እዚያ ምስልም ያመጣል። አሁን ልጁ በጣቱ ያሳይ የነበረውን ነገር አየሁት። ቪዲዮውን ወደፊት አሳለፍኩት።

ሁሉም ገጠመ። አንድ ነገር ቀረ። ሙቀቷን እንዲያወጣላት በሲፒዩዋና በማራገቢያዋ መሃል ፔስት ይቀባ ይላል፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል። ፔስት አልገዛሁም። ሙሉቀን ሻንጣውን በርብሮ ፔስት አወጣ። የጥርስ።

«ይሄማ የጥርስ ነው» አልኩት።

«ፔስት ፔስት ነው። ደግሞ ያቀዘቅዛል፤ አፍህን አያቀዘቅዝም?»

ቀባን። ለኮስን። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ቀዩ መብራት ቦግ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ተቃቅፈን ጨፈርን። ጭፈራው ሳያልቅ ክፍሉ ናና ናና ሸተተና ኮምፒውተሯ ድርግም ብላ ጠፋች። እንደገና ለኮስን፤ እንደገና ጠፋች።

በዚህ መሃል እናቴ ደወለች።

«ተነሣች?»

«እ... እየሞቀች ነው እማዬ።»

«ጎሽ! ትሙቅ የኔ ጌታ፣ አታጣድፋት» አለች በደስታ። «ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም።»

ጠዋት ጠዋት ባጃጅ አስነሥቶ ማሞቅ ደግ ነገር ነው። ኮምፒውተር መሞቅ ግን ሞት መሆኑን እንዴት አድርጌ ልንገራት? አልነገርኳትም። በደወለች ቁጥር «እየሞቀች ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ሰመራ ናት፤ ያልሞቀ ነገር የለም። በመጨረሻ ግን እናቴ በቀጭን ድምፅ፣ «ልጄ፣ እንዲህ የሚሞቅ ሞተር የለም። ካልሆነች አልሆነችም በለኝ» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። የኤፍሬምን ባጃጅ የጥርስ ሳሙና ቀብቼ የጨረስኳት መሰለኝ።

እውነተኛውን ፔስት ጋሽ ሰይድ ከጅቡቲ ይዘውልኝ መጡ፤ አሁንም ከዚያው ደረት ኪስ። ቅዳሜ ጠዋት ናናውን በጥጥ ጠርገን፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀባን። መስታወቱን በር ነቅለን የሙሉቀንን ማራገቢያ ፊት ለፊቷ ደገንን። ያን ሁሉ የከፈልኩበት ጌጠኛ በር እስከ ዛሬ ልብስ መተኮሻ ነው። ለኮስኩ። ጠበቅን። አልጠፋችም። ሙሉቀን በፍላሽ ያመጣውን የመኪና ውድድር ጫንን፤ ሣሩ አንድ ጥግ ላይ ከመጠን በላይ አረንጓዴ ነው እንጂ መንገዱ ይታያል። የኮሪደሩ ልጆች ሁሉ ክፍላችን ሞሉ። ተራዬ ደርሶ ውድድሩን ስጀምር ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ተነሣች! እየሄደች ነው!»

«አሰማኝ።»

ሙሉቀን ስልኩን ድምፅ ማጉያው ጎን አስቀመጠው። መኪናዬ ሞተሯን እያስጮኸች ቁልቁለቱን ወረደች። ልጆቹ «ርገጠው! ርገጠው!» ይላሉ። ሁለቱን አለፍኳቸው። ሦስተኛውን ልይዘው ነው።

«ማን ነው የሚነዳት?» አለች እናቴ በስልኩ።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ቀስ በል» አለች። «ቁልቁለት ላይ አትልቀቃት። ቀስ ብለህ ሂድ ልጄ።»

ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ያለፍኳቸው አለፉኝ። ከኋላ የነበሩትም አንድ በአንድ አለፉኝ። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ «ሰውዬ ምን ነካህ!» ብለው ጮኹብኝ። ሙሉቀን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው።

«እንደሱ» አለች እናቴ። «እንደሱ ሂድ።»

የቀኝ ጥጌን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ ሞተሯን ሳላስጮህ ነዳሁ። ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ ገብተው፣ የአሸናፊው ርችት ተተኩሶ ሲያልቅ፣ እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። እናቴ ስልኩን አልዘጋችም።